ለአሮጌ መኪና ዋሱ ማነው?

ጉኑኖ የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። በገበያ ቀን ዝንጅብሉ፣ ጎደሬው፣ ቡናውና ቅቤው ይወርድባታል፤ ይጫንባታልም። ጭነቱን የሚያነሳው አይሱዙ፣ መንገደኛውን ወደ አረካና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ በየቀበሌው የሚሽከረከሩት ባጃጅና ሞተር ሳይክል አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ባለቤት ያዩ ናቸው። ዕቁቡ የደረሰው ወጣት ባጃጅ ሲገዛ፣ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው አይሱዙ ሲያወርዱ የሚጨነቁበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ነገ ሞተሩ ቢያቆም ማንን ይጠይቃሉ?

ጥያቄው ከመኪናው ይቀድማል። በገጠሩ ኢትዮጵያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፣ አረማመዱን ያያል፤ ከዚያ ሻጩን ዋስ ይጠይቃል። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ሻጩ የደበቀው ሕመም ቢወጣበት ገዢው የሚይዘው ዋሱን ነው። ዋሱ የሚታወቅ ሰው፣ አገሩን ጥሎ የማይሄድ ጎረቤት ስለሆነ ቃሉ ዋጋ ነበረው።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ከጠረፍ ተነስቶ እየነዳ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰው። መኪና በብዛት የታየው ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። ከወረራው በኋላ «ትሬንታ ኳትሮ» የተባሉት የፊያት የጭነት መኪኖች በኢትዮጵያውያን ሾፌሮችና መካኒኮች እጅ እየተጠገኑ ዓመታት አገለገሉ። ከአንዱ መኪና የተፈታው ዕቃ በሌላው ላይ ይገጠማል። ይህ ሙያ እየሰፋ ሄዶ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የአሮጌ መለዋወጫ መናኸሪያ ሆነ። የመኪና ገዢም እንደ በሬ ገዢው አይቶ ለመግዛት ዐዋቂ ይዞ መሄድ ለመደ፤ የሚያምነው መካኒክ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ሻንሲው መበየድ አለመበየዱን ያያል፣ ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን ይመረምራል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ ስለመሆኑ መድን እንዲሆን ያስገድደዋል። ገዢ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ግን በኋላ ሊያነሳው አይችልም። የ2006 ዓ.ም. የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃው ያገለገለ መሆኑን እንዲያሳውቅ አዘዘ።

ይህን ጥበቃ ያላላው የገበያው ልማድ ነው። ስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ ብዙ መኪና በውክልና ይሸጣል፤ ሊብሬው ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም ይቀራል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። የሽያጭ ውል ያልያዘ ገዢ ደግሞ ስለ ሞተሩ ቀርቶ ስለ ባለቤትነቱም የሚከራከርበት ወረቀት ያጥረዋል።

የአሮጌ መኪናን ዋጋ የወሰነው ግን ከመካኒኩ ይልቅ ግብሩ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 የቤት መኪና ኤክሳይስ ታክስ እንደ ሞተሩ መጠን 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ነበር። አሮጌ መኪና ቀረጡ የሚሰላው በእርጅና በወረደ ዋጋ ላይ ስለነበር ከዱባይ የሚመጣው ቪትዝና ኮሮላ ከተማውን ሞላው። በጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው ወደ ግራ የተቀየሩትም ነበሩባቸው፤ ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል የሚነዳባት አገር ናትና። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1186 ነገሩን ገለበጠው፤ በአነስተኛ አዲስ መኪና ላይ ታክሱ 5 በመቶ ሲሆን ባረጀው ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መኪና የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ጋር ተደመረ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መታገዱ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና እያረጀ ዋጋው የሚጨምር የቁጠባ ሣጥን ሆነ። የታርጋ ተከታታይ ቁጥሩ መኪናው መቼ እንደገባ ይጠቁም ስለነበር፣ ገዢ ሞተሩን ከማየቱ በፊት ታርጋውን ማንበብ ያዘ።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የአሮጌ መኪና ገዢን ችግር አስረድቷል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አይሸጥም፣ ገበያው ለብልሹው ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ለዚህ ችግር የመኪና አምራቾች መልስ ምስክር ወረቀት ያለው ያገለገለ መኪና ነበር። ዕድሜውና የሄደው ኪሎ ሜትር ይገደባል፤ ከመቶ በላይ ነጥቦች ተፈትሸው ጉድለቱ ይጠገናል፤ ከዚያ አምራቹ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ ዋስትና ይሰጣል። ገዢ የሚጨምረው ገንዘብ ለዚያ ዋስትና የሚከፈል ነው።

እኛ ዘንድ በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ መኪናው መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ መሆኑን ያያል እንጂ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚቀረው አይናገርም። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ጉዳዩ ይብሳል። የባትሪውን ጤንነት ጆሮ አይሰማውም፤ በመሣሪያ ካልተለካ አይታወቅም። ከቻይና በግል አስመጪ የገባ መኪና ከሆነ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ መሥራቱ መጠየቅ አለበት።

ለወላይታ ገዢ የሚያስፈልገው ነገር ከዐቅሙ በላይ አይደለም። የሶዶ ጋራዦችና የቴክኒክ ኮሌጆች የተፈረመበት የምርመራ ወረቀት መስጠት ይችላሉ፤ ቢጀምሩት ጥሩ ሻጭም ይጠቀማል። እስከዚያው ገዢ ሆይ፦ በውክልና ብቻ አትግዛ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርግ፤ ሻጩ አለበት ያለህን ጉድለትና የለበትም ያለህን ለይተህ አስጽፍ፤ ሞተርና ማርሹን ለስንት ወር እንደሚያስተማምንህ ቁጥሩን አስገባበት።