የሥጋ ዶሮ ዕድገት በሞቃትና እርጥብ አካባቢ

የሥጋ ዶሮ ወይም ብሮይለር በፍጥነት አድጎ ለሥጋ እንዲውል ተመርጦ የተዳቀለ ዶሮ ነው። የዘመኑ ዝርያዎች በተመቸ አየር በ6 ሳምንት ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ እንደ ማሌዢያ ዓይነት ዝቅተኛ ቦታዎች ግን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ አማካይ አንጻራዊ እርጥበቱም 80 በመቶ ገደማ ስለሚሆን የዶሮዎቹ ዕድገት ይገታል።

ሙቀትና እርጥበት

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። ላባ ስታወጣና ክብደት ስትጨምር ፍላጎቷ በየሳምንቱ እየቀነሰ በ6ኛው ሳምንት ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ጫጩት የሚስማማው ሙቀት ለገበያ ለደረሰ ዶሮ አደገኛ ነው።

ዶሮ የላብ ዕጢ የለውም። ሲሞቀው ክንፉን ከገላው ያርቃል፣ አፉን ከፍቶም ያለከልካል። ማለክለክ የሚያቀዘቅዘው ከመተንፈሻ አካላቱ ውሃ ሲተን ነው፤ አየሩ አስቀድሞ በተን ከተሞላ ትነቱ ይዳከማል። በዚህም ምክንያት ዶሮው በደረቅ አየር የሚቋቋመው ሙቀት በእርጥብ አየር ሊገድለው ይችላል።

በዕድገት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የምግብ መፈጨት ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ዶሮው የሚበላውን ይቀንሳል፤ ክብደቱም ይጓደላል። ፈጥኖ የሚያድግ ዝርያ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ ይበልጥ ይጎዳል። ሞት የሚበረታው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በመሆኑ አርቢው የሚከስረው አብዛኛውን የመኖ ወጪ ካወጣ በኋላ ነው። በተጨማሪም ጉዝጓዙ ቶሎ ስለማይደርቅ አሞኒያ ይበዛል፤ የእግር ቁስልና ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታም ይስፋፋሉ።

መከላከያ ዘዴዎች

ክፍት የዶሮ ቤት ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሆን በጎኑ የሚገባው ፀሐይ ይቀንሳል። ሰፊ የጣሪያ ክፈፍና በአንድ ካሬ ሜትር የሚያዙትን ዶሮዎች ቁጥር መቀነስም ይረዳሉ። ውሃ መርጨት በደረቅ ቆላ ጥሩ ውጤት ቢሰጥም በእርጥብ አየር ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ በዚያ የሚመረጠው በማራገቢያ አየሩን በፍጥነት ማንቀሳቀስ ነው። መኖ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት ተነስቶ ንጋትና ማታ ይሰጣል፤ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ግን መቋረጥ የለበትም። በዘር በኩል አንገታቸው ላባ የሌለው ዶሮዎች ላባቸው አነስተኛ በመሆኑ ሙቀትን በቀላሉ ያስወግዳሉ።

በኢትዮጵያ

ብዙ የዶሮ እርባታ የሚካሄድባት ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ይህ ችግር ብዙም አይጸናባትም። በባሮ ወንዝ ዳር ባለው የጋምቤላ ቆላ ግን በዝናቡ ወራት ሙቀትና እርጥበት ስለሚጣመሩ፣ በደጋ የተለመደው አያያዝ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።