የደላላነት ፈቃድና ያልመለሰው ጥያቄ፤ ከአሜሪካ የቤትና የመሬት ሽያጭ ታሪክ

ቤት ወይም ቦታ ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከማያውቀው ሻጭ ጋራ የሚገናኘው በደላላ አማካይነት ነው። ደላላው በሁለቱ መካከል ስለሚቆም የሁለቱም ምስጢር በእጁ ነው። እርሱ እውነተኛ ቢሆን ውሉ ይቃናል፤ ቢያታልል ግን አንድ ቤተ ሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ይህ ሥራ በአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ በመንግሥት ፈቃድ እንዲሠራ የተደረገው እንዴት እንደ ሆነና ፈቃዱ ሳይፈታው የቀረው ችግር ምን እንደ ነበረ ነው። የዓመታቱ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ማንም ሰው ተነሥቶ ደላላ ነኝ ለማለት ይችል ነበር። በ1908 የየከተማው የደላሎች ማኅበራት በቺካጎ ተሰብስበው አንድ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ፈቃድ የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ከጠየቁት ዋነኞቹ ራሳቸው እነዚህ ደላሎች ነበሩ። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር፤ አንደኛው የአታላዮች ሥራ የሁሉንም ስም ማጕደፉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ሥራው የሚገባውን ሰው መምረጥ መፈለጋቸው ነው።

ይህን ሕግ አስቀድሞ ያወጣው የካሊፎርኒያ ግዛት ሲሆን፣ ዘመኑም 1917 ነበር። ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ አይስማማም ተብሎ ቢወድቅም፣ በ1919 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይህንንም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። ሌሎቹም ግዛቶች በየጊዜው ተከተሉ። ዛሬ በካሊፎርኒያ በሻጭነት ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ሦስት ትምህርቶችን ይከታተላል፤ 150 ጥያቄዎች ባሉት ፈተናም ቢያንስ 70 በመቶ ማግኘት አለበት። ካለፈም በኋላ የሚሠራው ፈቃድ ባለው ደላላ ሥር ሆኖ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላም ገጽ አለ። የብሔራዊው ማኅበር ጠበቃ የነበረው ኔታን ዊሊያም ማክቼስኒ ለግዛቶች አርአያ የሚሆን የፈቃድ ሕግ ያረቀቀ ሰው ነው። በ1927 ደግሞ ቤት ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል የውል ናሙና ለቺካጎ ደላሎች ያዘጋጀ እርሱው ነው። ማኅበሩም በ1924 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሰፈሩን ንብረት ዋጋ ያወርዳሉ የሚላቸውን ዘሮች ወደ ሰፈሩ እንዳያስገቡ አባሎቹን አዘዘ። ስለዚህ ቤቱን ለጥቁር ገዥ ያሳየ አባል ደንብ እንደ ጣሰ ይቈጠር ነበር።

ጥቁር አሜሪካውያን ደላሎች የመንግሥቱን ፈቃድ ቢያገኙም፣ የነጮቹ ማኅበራት በር በአብዛኛው ተዘግቶባቸው ነበር። ስለዚህ በ1947 በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። በ1945 በሴይንት ሉዊስ ከተማ የሼሊ ቤተ ሰብ ቤት በገዛ ጊዜ ጎረቤቶች በክልከላው ውል ምክንያት ከሰሱ፤ የከተማው ጥቁር ደላሎችም ለክርክሩ ገንዘብ ረዱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 በሰጠው ፍርድ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። ማኅበሩ የዘርን ቃል ከደንቡ ያወጣው በ1950 ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ስለ አለፈው በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2020 ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ፈቃድ ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ ገዥን ከአታላይ ለመጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ፈተናው የሚመዝነው የደላላውን ዕውቀት ብቻ ነው። ደንቡ ራሱ አድልዎ ካለበት፣ ደንቡን አክባሪ የሆነው ደላላ የአድልዎ መሣሪያ ይሆናል። እንግዲህ ስለ ደላሎች ፈቃድ ሕግ የሚያጠና ሰው «ማን ተፈቀደለት?» ብሎ ከመጠየቁ ጋራ «ደንቡን ማን ጻፈው፤ ማንንስ በውጭ አስቀረ?» ብሎ ሊመረምር ይገባዋል።