ከፓይለቱ ጀርባ እስከ ማርሚታው ቦታ፦ የሩቁ ተርቦ ታሪክ

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ጥቂት ፋታ ወስደን ስለ አንድ የማሽን ታሪክ እናውጋ። ነገሩ ማሽን ይምሰል እንጂ ትምህርቱ ለሌላውም ይተርፋል።

ተርቦ ከሞተር የሚወጣውን ትኩስ ጭስ ዝም ብሎ አይለቀውም። ጭሱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም መጭመቂያውን አዙሮ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ነው።

ተርቦን ተፈላጊ ያደረገው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ የአውሮፕላን ሞተር ወስዶ ሞከረ። በሜዳው 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት ግን ጉልበቱ ተመለሰ።

ታዲያ ይህ መሣሪያ የት ይቀመጥ? “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ብለን ከሞተሩ አጠገብ እንል ይሆናል። በትብሊሲ የተወለደው አሌክሳንደር ካርትቬሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን የፒ-47 ተዋጊ አውሮፕላን ሲነድፍ ተርቦውን ከፓይለቱ ጀርባ፣ ወደ ጭራው አስጠጋው። ጭሱ በሆዱ ሥር በቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የታመቀው አየር ደግሞ ቀዝቅዞ በፓይለቱ ግራና ቀኝ ወደ ፊት ይመለሳል። አውሮፕላኑ ገዘፈ፣ ከበደም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1943 ጀርመንን የሚደበድቡት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች አጃቢ አጥተው ሲያልቁ፣ ሌሎች ሞተሮች ትንፋሽ በሚያጥራቸው ከፍታ ላይ ጉልበቱን ይዞ የተገኘው ይኸው ግዙፍ አውሮፕላን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያው አቀማመጥ በአሜሪካ መኪኖች ላይ ብቅ አለ። እንደ ኮርቬት ባሉ መኪኖች ኮፈን ሥር ቦታ ስለሌለ ማርሚታው ወልቆ በቦታው ተርቦ ይገጠም ጀመር። ጥቅሙ እውነት ነው፦ ኮፈን ሥር የሚታፈነው ሙቀት ይቀንሳል፤ የታመቀው አየርም ረጅሙን ቱቦ ሲያቋርጥ በመጠኑ ይቀዘቅዛል።

ዕዳውስ? ነዳጅ ሲረገጥ ተርቦው እስኪነቃ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን መዘግየት በአየር ቱቦው ርዝመት ያመካኛል። እስቲ እናስላው። 6 ሴንቲሜትር ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ የሚይዘው 11 ሊትር ገደማ ነው። 5.7 ሊትር ሞተር ደግሞ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 140 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ስለዚህ ቱቦውን መሙላት ብቻውን ረጅም ጊዜ አይወስድም። ትልቁ ሌባ ሙቀት ነው። ጭሱ ኋላ እስኪደርስ ይበርዳል፣ ይኮማተራል፤ ተርባይኑን የሚገፋበት አቅምም ይሟሽሻል። መፍትሔው ጭሱን በጠባብ መተላለፊያ የሚቀበል ተርባይን መምረጥና የጭስ ቱቦውን በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ነው።

የዘይቱ ነገርም አለ። ከፊት የተገጠመ ተርቦ ዘይቱን በራሱ ቁልቁል ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ከኋላ ያለው ግን ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዘይቱን የሚመልስ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ ከቆመ ተርቦው በዘይት ይጥለቀለቃል። የአየር ፊልትሮውም ወደ መሬት ቀርቦ ከሆነ ለጎርፍና ለአቧራ ይጋለጣል።

አንዱ ንድፍ እዚያ ተመስግኖ እዚህ የሚታማው ለምንድን ነው? ፓይለቱ ነዳጁን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ በአንድ ልክ ስለሚበር መዘግየቱ እምብዛም አይጎዳውም። የመኪና ኑሮ ግን መርገጥና መልቀቅ ነው። የዓባይ በረሃን ዳገት ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ስለሚጫን ተርቦው ከነቃ በኋላ እንደነቃ ይቆያል። ከመገናኛ ቦሌ በመኪና ሰልፍ ውስጥ የሚንፏቀቅ ግን በየመብራቱ እንደገና ይጠብቃል።

ስለዚህ “ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?” ከማለታችን በፊት “የት ሊሠራበት?” ብለን እንጠይቅ። ሌላ ቦታ የሠራን ነገር፣ ማሽንም ይሁን አሠራር፣ የሠራበትን ምክንያት ሳይመረምር የሚያመጣ ሰው ዕዳውን ብቻ ይወርሳል።

ሰላም ሁኑ።