የተማሪ ቤቱን ሕግ ያጸና እንደራሴ

የነጻ ትምህርት ታሪክ በተነሣ ቍጥር ስማቸው የሚጠራው ተማሪ ቤቶቹን ያቋቋሙት ሊቃውንት ናቸው። ለተማሪ ቤቱ የሚሆነውን ግብር ያስወሰኑትና፣ ሕዝቡ በተቈጣ ጊዜ ውሳኔው እንዳይሻር የተሟገቱት እንደራሴዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይረሳሉ። ከነዚህ አንዱ በሰሜን አሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ግዛት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የነበረው ታዴዎስ ስቲቨንስ ነው። ይህ ሰው ባርነትን ለማጥፋት በዋሽንግተን ባደረገው ትግል ስሙ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው የእንደራሴነት ዘመኑ በኋለኛው ተሸፍኖ ቀርቷል። እኛን መምህራንን በቅርብ የሚመለከተን ግን ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስቲቨንስ በ1792 ዓ.ም. በቨርሞንት ከድኻ ቤት፣ አንድ እግሩ ቈልማማ ሆኖ ተወለደ። አባቱ ቤተ ሰቡን ጥሎ ስለ ሄደ እናቱ ብቻዋን ደክማ አሳደገችው፤ አስተማረችውም። በ1814 ዓ.ም. ከዳርትመዝ ኮሌጅ ከተመረቀ በኋላ ወደ ፔንሲልቫኒያ ሄዶ በዮርክ ከተማ መምህር ሆነ፤ እያስተማረም ሕግ ያጠና ነበር። የከተማው ጠበቆች ግን ሌላ ሥራ እየሠራ ሕግ ያጠና ሰው ከማኅበራቸው እንዳይገባ ደንብ አወጡ። እርሱም ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ ሜሪላንድ ተሻግሮ ተፈተነና በ1816 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በማስተማር እንጀራውን የሚበላ ሰው ለሕግ ሙያ የማይበቃ ሆኖ የተቈጠረበት ይህ ደንብ ዛሬ ያስቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለወጣቱ መምህር የሚያስቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በጌቲስበርግ ተቀምጦ በጥብቅና በለጸገ፤ በ1833 ዓ.ም. የፍሪሜሶንን የምስጢር ማኅበር ለመቃወም በተቋቋመው ፓርቲ ስም ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ።

በፔንሲልቫኒያ ከ1809 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ሕግ የድኻ ልጅ ያለ ክፍያ ይማር ዘንድ ወላጁ ድኽነቱን በሹም ፊት ማስመዝገብ ነበረበት። ብዙ ወላጆችም ይህን ውርደት ከሚቀበሉ ልጃቸው ሳይማር ቢቀር መረጡ። በ1834 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ ግን ተማሪ ቤት በሕዝብ ግብር እንዲቆምና ለሁሉም ልጅ እንዲከፈት ፈቀደ። ሕጉ ሲወጣ በምክር ቤት የተቃወመው እጅግ ጥቂት ሰው ነበር። ግብሩ በታወቀ ጊዜ ግን አገሩ ታወከ፤ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ይሻርልን ብለው በፊርማቸው አመለከቱ። እነዚህን ሁሉ ንፉግ ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ከነርሱ ብዙዎቹ ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውን በቤተ ክርስቲያናቸው ተማሪ ቤት በገዛ ቋንቋቸው ያስተምሩ ስለ ነበረ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው እንዳይጠፋባቸው ይሠጉ ነበር። ለዚህ ሥጋት በዚያን ጊዜ የተሰጠው ምላሽ በቂ ነበር ለማለት አልደፍርም።

በ1835 ዓ.ም. የመወሰኛው ምክር ቤት ሕጉ ተሽሮ ወደ ቀድሞው የድኾች ትምህርት እንዲመለስ ወሰነ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤትም ይከተለዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አፕሪል 11 ቀን ስቲቨንስ ተነሥቶ ተናገረ። ድኻውን ለይቶ የሚመዘግበው ሕግ ድኻውን ምልክት የሚያትም ሕግ ነው ብሎ ነቀፈው። ልጅ የሌለው ባለጠጋ ለሰው ልጅ ትምህርት ለምን ልክፈል ለሚለውም፣ ይኸው ሰው እርሱ ለማይታሰርበት ወህኒ ቤት ያለ ማጉረምረም ይከፍላል፤ ወንጀልን ለመቅጣት የሚከፍለውን ወንጀልን ለመከልከል ሲጠየቅ ለምን ይከብደዋል? በሚል አሳብ መለሰ። (በአገራችንም በ1940 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ሲጣል፣ ከፋዩ ሁሉ ተማሪ ቤት የሚልከው ልጅ እንዳልነበረው እናስታውሳለን።)

ከመረጡት ሰዎች ብዙዎቹ ሕጉን ይቃወሙ ነበር። ሕጉን የፈረመው አገረ ገዢ ጆርጅ ዎልፍም የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ነበረ። ስቲቨንስ ግን በዚህ ነገር ከጠላቱ ጋር እንደሚቆም በግልጽ ተናገረ። ምክር ቤቱም የሽረቱን አሳብ ጣለው፤ ሕጉ ጸና። ዎልፍ በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ተሸነፈ፤ ለመሸነፉም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሕግ ነበር።

ስለዚህ ሰው ስንጽፍ ጥፋቱን መሸፈን አይገባንም። በ1821 ዓ.ም. ጠበቃ ሳለ ለባሪያ ጌታ ተከራክሮ አንዲት ሴት ከልጆችዋ ጋር በባርነት እንድትቀር አድርጓል። በምክር ቤቱም የሜሶኖችን ማኅበር የሚመረምር ጉባኤ መሪ ሆኖ፣ ከጥቂት ወራት በፊት የደገፈውን ያንኑ ዎልፍን ለምስክርነት አስጠራው፤ ተጠሪዎቹም አንናገርም ስላሉ ምርመራው ያለ ፍሬ ቀረ። በ1838 ዓ.ም. መጨረሻ በምርጫ ክርክር ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው እውነተኛው ምክር ቤት እኛ ነን ብለው በሐሪስበርግ ሁከት በተነሣ ጊዜ፣ ስቲቨንስ ከሕዝቡ ቍጣ በመስኮት ዘሎ አመለጠ። አብሮት የዘለለው ቶማስ በሮውስ በማዕርጉ የግዛቱ ተማሪ ቤቶች የበላይ ተመልካች ነበረ።

ቢሆንም ያው ዘመን ሌላ ነገር አሳየ። በ1837 እና በ1838 ዓ.ም. የግዛቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የተሰበሰበው ጉባኤ የመምረጥ መብት የነጮች ወንዶች ብቻ ይሁን ብሎ ሲወስን፣ አባሉ ስቲቨንስ በሰነዱ ላይ አልፈርምም አለ። የባሪያውን ጌታ ነገር የያዘው ጠበቃ በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኗል፤ መቼ እንደ ተለወጠ ግን ቀኑን ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው።

በ1842 ዓ.ም. ወደ ላንካስተር ተዛወረ። በ1849 ዓ.ም. ወደ ዋሽንግተን ምክር ቤት ገባ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን የገንዘብ ጉባኤውን መራ፤ ባርነትን የከለከለውና ጥቁሮችን ዜጎች ያደረገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲወሰንም ደከመ። ኦገስት 11 ቀን 1868 ዓ.ም. ሞተ። ሌሎቹ የመቃብር ቦታዎች ሰውን በዘሩ ይለዩ ስለ ነበር፣ በሕይወቱ ሳለ በመረጠው፣ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ በሚቀብር ትንሽ መካነ መቃብር በላንካስተር አረፈ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ከተማ ለነጻ ወጪዎች ልጆች የተሠራው ተማሪ ቤት በስሙ ተጠራ።