ፎረንሲክ ሳይንስ ለመማር የትኛው ኮሌጅ ይሻላል?

በደብረ ወርቅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ፎረንሲክ ለመማር የት ልግባ?» የሚል ነው። አንዳንዱ በውጭ ፊልም ተማርኮ የመጣ ነው። ሌላው ግን ከቤቱ ይዞት የመጣ ምክንያት አለው። በድንበር ጠብ ዘመዱ ተገድሎበት ነገሩ በማስረጃ እጦት ተድበስብሶ የቀረበት ልጅ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የእንጀራ ብቻ አይደለም።

አገራችን ወንጀለኛን መፈለግ የጀመረችው ትናንት አይደለም። ጥንት በአውጫጭኝ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ በዳዩ እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። በሌባሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደተቀጣ መገመት አያዳግትም። ዛሬም ፍርድ ቤት በሰው ምስክር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል አደጋው ያው ነው። ፎረንሲክ ሳይንስ አሻራው፣ ደሙ፣ መርዙና የጥይቱ ቀለህ እንዲመሰክሩ የሚያደርግ ሙያ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ሙያ

ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት ሙያውን መለየት ይገባል። አስከሬን መርምሮ የሞትን ምክንያት የሚናገረው ሐኪም ነው። መርዝንና አደንዛዥ ዕፅን የሚለየው ኬሚስት ነው። ዲኤንኤ የሚመረምረው የባዮሎጂ ባለሙያ ነው። የወንጀል ሥፍራን አጥሮ ማስረጃ የሚሰበስበው በአብዛኛው ፖሊስ ነው። ከስልክና ከኮምፒዩተር መረጃ የሚያወጣው ደግሞ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ኤድሞን ሎካር ራሱ ሕክምናም ሕግም የተማረ ሰው ነበር።

አገር ውስጥ ያሉ መንገዶች

የመጀመሪያው የፖሊስ መንገድ ነው። ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተው የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ይመዘዛል። ዋና ሥራው የፖሊስ መኮንን ማፍራት ስለሆነ ወደዚያ የሚያመራ ተማሪ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የደንብ ልብስም እንደሚመርጥ ይወቅ። የምልመላውን መስፈርትና የአገልግሎት ግዴታውን ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ሁለተኛው የሕክምና መንገድ ነው። ለረጅም ዘመን ከየክፍለ ሀገሩ አስከሬን ተጭኖ ለምርመራ የሚሄደው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከጎጃም ሬሳ ይዞ ዓባይን ለተሻገረ ቤተሰብ ይህ ከኀዘን ላይ ኀዘን ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚሰለጥን አንድ ሐኪም ለክልሉ ትልቅ ነገር ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ መጀመሪያ የሕክምና ዲግሪ፣ ቀጥሎ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ይጠይቃል።

ሦስተኛው፣ እኔ ለብዙዎቹ የምመክረው፣ የመሠረታዊ ሳይንስ መንገድ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያስተምራሉ። በእነዚህ ጥሩ ውጤት ያለው ተማሪ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ፎረንሲክ መዞር ይችላል። ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ በመድኃኒት ፋብሪካ፣ በምግብ ጥራት ቁጥጥር ወይም በመምህርነት መሥራት አይቸግረውም። ስሙ ጠበብ ያለ ዲግሪ ግን ቀጣሪውም ጥቂት ነው። በእንግሊዝ ትምህርቱ እጅግ ተወዳጅ በነበረበት ዘመን የመንግሥቱ የፎረንሲክ አገልግሎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 መዘጋቱ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ወደ ውጭ ለሚያስቡ

በሕንድ ጉጅራት የሚገኘው የፎረንሲክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ብሔራዊ የፎረንሲክ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በኡጋንዳ ጂንጃ ካምፓስ ከፍቷል። በአሜሪካ የፎረንሲክ ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝን ራሱን የቻለ ኮሚሽን አለ፤ በእንግሊዝም የሙያ ማኅበሩ ፕሮግራሞችን መርምሮ ዕውቅና ይሰጣል። በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ስሙ የሌለ ኮሌጅ ለምን እንደሌለ መጠየቅ ይገባል።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቁ

1. ዕውቅናው ለየትኛው ፕሮግራም ነው? የኮሌጁ መታወቅ ብቻ አይበቃም። ፈቃዱ ለዚያ የትምህርት ዓይነትና ለዚያ ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። በሬ ሸጦ የከፈለ ወላጅ በኋላ ወረቀቱ ተቀባይነት ቢያጣ የሚካስበት መንገድ ቀጭን ነው።

2. ላቦራቶሪው የት ነው? ገብታችሁ እዩት። ማይክሮስኮፑ አቧራ ለብሶ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

3. መምህራኑ እነማን ናቸው? በምርመራ ሥራ ያለፈና ፍርድ ቤት ቀርቦ የመሰከረ ሰው አለ ወይ?

4. የልምምድ ችሎት አለ ወይ? የባለሙያው ሪፖርት ለዳኛው ካልገባው ምርመራው ከንቱ ነው።

5. ስታቲስቲክስ በቂ ጊዜ ተሰጥቶታል ወይ? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ እንደ ጥርስ ንክሻ ንጽጽር ያሉ ዘዴዎች በቂ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌላቸው አመልክቷል። «እርግጠኛ ነኝ» ማለትን ብቻ ተምሮ የወጣ ባለሙያ ንጹሕ ሰው ያሳስራል።

6. በመውጫ ፈተና ስንቱ ያልፋል? ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመንግሥትም የግልም ኮሌጅ ተማሪ ይፈተናል። የማለፊያ ቁጥሩን ለመናገር የሚያመነታ ኮሌጅ ያጠራጥራል።

7. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የወር ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና መጓጓዣውን ደምሩ።

የባለሙያ እጦት ምን እንደሚያስከፍል አገራችን ታውቃለች። የደርግ ዘመን የጅምላ መቃብሮች በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲቆፈሩ ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ያገዙት ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ነበሩ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ያለቁትን 157 ሰዎች ማንነት በዲኤንኤ ለመለየትም ኢንተርፖልን ጨምሮ የውጭ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምላቸው ይህን ነው። የኮሌጁ ስም ከማማሩ በፊት ሒሳባችሁና ኬሚስትሪያችሁ ይጠንክር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን በር ላለፈ ልጅ መንገዱ አንድ አይደለም፤ ቸኩሎ ከመክፈል ጠይቆ መግባት ይሻላል። መልካም ምርጫ!