የነጻነት አዋጅ
ጆን ትራምቡል (1756–1843)
የዘይት ቀለም በሸራ ላይ፣ 1786–1820
ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ኒው ሄቨን

ብዙ ተመልካች ፊርማ ሲፈረም የሚያይ ይመስለዋል። የሚታየው ግን በሰኔ 1776 ማብቂያ አምስቱ የአርቃቂ ኮሚቴ አባላት የአዋጁን ረቂቅ ለአህጉራዊው ጉባኤ ሊቀ መንበር ለጆን ሃንኮክ ሲያቀርቡ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ ሮበርት ሊቪንግስተን፣ ሰነዱን ከነጭራሹ አልፈረመም።

በልጅነቱ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣው ትራምቡል በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መጀመሪያ የጆርጅ ዋሽንግተን ረዳት መኮንን ነበር። ሥዕሉን የጀመረው ፓሪስ፣ ከአርቃቂዎቹ አንዱ በሆነው በቶማስ ጀፈርሰን ቤት ነው። ጀፈርሰን ረቂቁ የቀረበበትን አዳራሽ ከትዝታው ነድፎ ሰጠው፤ በሮቹም ወንበሮቹም ከእውነተኛው ጋር አይገጥሙም። በፊቶቹ ላይ ግን ሠዓሊው አልቀለደም። ሌላውን አርቃቂ ጆን አዳምስን ለንደን፣ ጀፈርሰንን ፓሪስ አስቀምጦ ሣለ፤ ከዚያም ይህንኑ ትንሽ ሸራ ይዞ በአሜሪካ ከከተማ ከተማ እየዞረ የቀሩትን ፈለገ። ለአንዳንድ ሟቾች የልጆቻቸውን መልክ ተጠቀመ። አስተማማኝ ምስል ያልተገኘላቸውን መገመት አልወደደም፤ ተዋቸው። ስለዚህ ከ56ቱ ፈራሚዎች እዚህ ያሉት 42 ብቻ ናቸው፤ በአንጻሩ ያልፈረሙ ጥቂት ሰዎች ቦታ አግኝተዋል።

በዋሽንግተን የምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ የተሰቀለው ግዙፉ ሥዕል ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ትልቅ ይሁን እንጂ ፊቶቹ የዚህን ያህል ሕይወት የላቸውም። ከ1976 ጀምሮ ትዕይንቱ በሁለት ዶላር ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል።