ከጥሪ ወደ መዝገብ፦ የጋራ ማኅደረ ትውስታ ያላቸው ኮምፒውተሮች ታሪክ



በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ሰው ከጋራ ጋራ እየተጣራ መልእክት ያደርሳል። ተጣሪው ሲበዛ ግን የማንም ቃል አይለይም። የዛሬው ርእሳችን ከዚሁ ችግር ይጀምራል።

ብዙ ፕሮሰሰሮች አንድ ማኅደረ ትውስታ ሲጋሩ እያንዳንዱ ለፍጥነት ሲል በአጠገቡ ባለው ካሽ ቅጂ ይይዛል። አንዱ ውሂቡን ሲለውጥ የሌሎቹ ቅጂ ያረጃል። ታዲያ ማን ይንገራቸው? ጀምስ ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረቡት ዘዴ ሁሉም በአንድ የጋራ መስመር የሚያልፈውን እያዳመጡ ራሳቸውን ያርማሉ። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ስለነበር የዘመኑ የንግድ ማሽኖች ወደዱት። መስመሩ ግን አንድ ነውና ፕሮሰሰሮቹ ጥቂት ዐሥሮች ሲደርሱ ይጨናነቃል።

አንዳንዶች ታሪኩን ሲያስተምሩ “ከዚያም መዝገብ ተፈለሰፈ” ብለው ያልፋሉ። ይህ በእኔ እይታ ስሕተት ነው። ታንግ በ1976፣ ሳንሲዬና ፎትሪዬ በ1978 መዝገቡን አስቀድመው አቅርበውታል፦ ለእያንዳንዱ የማኅደር ክፍል ቅጂው በማን እጅ እንዳለ ይጻፋል፤ ለውጥ ሲመጣም ለባለ ቅጂዎቹ ብቻ ይነገራል። ማሽኖቹ ትንንሽ ስለነበሩ ግን ጥሪው በቃ፤ መዝገቡም ተቀመጠ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙዎች የጋራ ማኅደር ከዚህ በላይ አያድግም ይሉ ነበር። እውነት ቢሆን ኖሮ በትልቅ ማሽን ላይ የሚሠራ ፕሮግራመር ሁሉ እያንዳንዱን ውሂብ በመልእክት ራሱ ማመላለስ ግድ ይሆንበት ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሌኖስኪ፣ ላውደን፣ ጉፕታ፣ ሄነሲና ባልደረቦቻቸው አሮጌውን ሐሳብ አንሥተው ዳሽ የተባለውን ማሽን ነደፉ፤ በ1992ም በሰፊው አስተዋወቁት። ንድፉ 16 ስብስቦች፣ በየስብስቡም 4 ፕሮሰሰሮች ነበሩት። ማኅደሩም መዝገቡም በየስብስቡ ተከፋፈለ፤ በስብስቡ ውስጥ ጥሪ፣ በስብስቦች መካከል መዝገብ ሆነ።

መዝገብ ግን ወረቀት ይፈጃል። በዳሽ ለ128 ቢት ውሂብ 17 የመዝገብ ቢት ያስፈልጋል፤ 13 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ ቢት ውሂቡ መለወጡን ያሳያል፤ የቀሩት 16 ለየስብስቡ አንድ አንድ ናቸው። በዚሁ ስሌት ስብስቦቹ 256 ቢሆኑ መዝገቡ ከውሂቡ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሌኖስኪና ላውደን ኋላ በሲሊከን ግራፊክስ ኦሪጂንን ሲነድፉ፣ ማሽኑ ሲተልቅ አንዱ ቢት ብዙ ኖዶችን በአንድነት እንዲወክል አደረጉ። በዚህም የተነሣ ቅጂ የሌላቸውም አንዳንዴ አብረው ይጠራሉ።